ማር መድኃኒት የሚሆነው ሲታወቅ ነው

በአገራችን ማር የታጣበት ቤት ሞልቷል፤ የማርን መድኃኒትነት የማያውቅ ቤት ግን አይገኝም። ጉንፋን የያዘው ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ሆዱን የቆረጠው ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሳል ያስቸገረው የጣዝማ ማር እየተባለ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕውቀት አለን። የባህል መድኃኒት አዋቂዎችም ቅጠሉንና ሥሩን ወቅጠው የሚለውሱት ብዙውን ጊዜ በማር ነው። በላስታ በቢልባላ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ውስጥ የሰፈሩት ንቦች የሚሠሩትን ማር ሕመምተኞች ለፈውስ ሲፈልጉት ኖረዋል። በጠጅም ሆነ በብርዝ መልክ በየበዓሉ የሚቀርብልን ይኸው ማር በደስታችንም በሕመማችንም ጊዜ ከእኛ ተለይቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ሲሆን፣ ስለ ማር መድኃኒትነት በአሁኑ ጊዜ የሚሰማው አስተያየት በሁለት ወገን ተከፍሎ ይታያል። ተምሬአለሁ ከሚለው ወገን አንዳንዱ «ማር ለጠጅ እንጂ ለቁስል ምን ይሠራል?» እያለ ያፌዛል። ሌላው ወገን ደግሞ ማር የማያድነው በሽታ የለም ብሎ ያምናል፤ አምኖም ለጎረቤቱ ይመክራል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንደኛው ያለንን ሀብት ያስንቀናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለንን ሕይወት ያስጠፋብናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፣ የዚህን ጉዳይ ሥሩን መርምሮ እውነቱን ከወሬው መለየት ተገቢ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በጎረቤታችን የደረሰ አንድ ነገር ነው። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ምድጃ አጠገብ ሲጫወት የፈላ ውሃ በክንዱ ላይ ተገለበጠበት። አያቱ ደንግጠው ከጓዳ የማር ማሰሮ አወጡና ክንዱን ቀቡት፤ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭም አሰሩለት። ያደረጉት ሁሉ በፍቅር ነው። በአምስተኛው ቀን ግን ቁስሉ አመርቅዞ፣ ልጁም ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ተረኛዋ ነርስ እራፊውን ፈትታ ቁስሉን ካየች በኋላ አሮጊቷን አልተቆጣቻቸውም። «እማማ» አለቻቸው፤ «ማር ለቁስል ይሆናል ማለትዎን አልነቅፍም፤ እኛም በትምህርታችን ሰምተነዋል። ነገር ግን ሦስት ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ማር ከየት መጣ? ለምን ዓይነት ሕመም ነው ያዋሉት? ልጁንስ ስለ ምን እስከ ዛሬ አቆዩት?»

አያቲቱ ብዙ መልስ አልነበራቸውም። «ልጄ፣ ማር ይጎዳል ብዬ መች ጠረጠርኩ» ብቻ አሉ። ልጁ በሕክምና ዳነ፤ ጠባሳው ግን በክንዱ ላይ ቀርቷል።

የነርሷ ሦስት ጥያቄዎች የአንድ ቤት ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። ማርን በመድኃኒትነት የሚጠቀም ሕዝብ ሁሉ ሊመልሳቸው የሚገቡ ናቸው። ስለዚህ እኛም ሐሳባችንን በእነዚሁ ላይ እንመሠርታለን። ከዚያ በፊት ግን፣ ማር በእርግጥ ያመረቀዘ ቁስል ያድን እንደ ሆነ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

ማር በእርግጥ ቁስል ያድናልን?

አዎን፣ በቦታውና በወጉ ከዋለ ያድናል። ይህንንም የምንለው ለአገር ምርት በማድላት አይደለም። ከ3,600 ዓመት ያህል በፊት በግብፅ የተጻፈውና ዛሬ በኤድዊን ስሚዝ ስም የሚጠራው የሕክምና ጥቅልል፣ ቁስልን በማርና በስብ ማሰር እንደሚገባ በተደጋጋሚ ያዛል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ማር ለምን እንደሚሠራ ባያውቁም እንደሚሠራ ግን በዐይናቸው አይተዋል። ምክንያቱን የገለጠው የኋላው ዘመን ምርምር ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ስኳሩ ነው። ከማር ክብደት ከመቶው ሰማንያ እጅ ያህሉ ስኳር ሲሆን፣ ውሃው ከአምስት አንድ እጅ እንኳ የሚሞላው ከስንት አንድ ነው። ቋንጣ በጨው ታሽቶ ሲሰቀል ሳይበሰብስ የሚቆየው ጨው ውሃውን ስለሚስበው እንደ ሆነ ሁሉ፣ ማርም ቁስል ላይ ያሉትን በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ውሃቸውን እየሳበ ያደርቃቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት ኮምጣጣነቱ ነው። በምላስ ሲቀምሱት ቢጣፍጥም፣ ማር በጠባዩ አሲድነት ያለው ስለ ሆነ ቁስል የሚያመረቅዙ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አይስማማቸውም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ንብ ከአበባ የቀሰመችውን ወለላ ወደ ማር ስትለውጥ ከራሷ እጢ የሚወጣ አንድ ኢንዛይም ትጨምርበታለች። ይህ ኢንዛይም ወፍራም ማር ውስጥ ሳለ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ማሩ ከቁስሉ በሚወጣው ፈሳሽ ሲቀጥን ግን ይነቃና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለውን፣ በየመድኃኒት ቤቱ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠውን ፀረ ተሕዋስያን ነገር ቀስ በቀስ ማመንጨት ይጀምራል። ስለዚህ ማር ቁስል ላይ ሲውል ጥቂት በጥቂት የሚያመነጭ ትንሽ መድኃኒት ቤት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ይኸው ኢንዛይም ግን እሳት አይወድም። ማርን ጣድ አድርጎ ያፈላ ሰው ጣዕሙን ቢያተርፍም ይህን ኃይሉን ያጠፋዋል።

በኒው ዚላንድ የዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትና በ2015 ያረፉት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፒተር ሞላን የዚህን ነገር ምርምር ለብዙ ዓመታት ይዘው ቆይተዋል። በአገራቸው ማኑካ ከሚባል ቁጥቋጦ አበባ የሚገኘው ማር ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ በተጨማሪ ሌላ ኃይል እንዳለው አመለከቱ። በ2008 በጀርመን አገር በድሬስደን ያሉ ተመራማሪዎች ይህ ኃይል ሜቲልግላዮክሳል የተባለ ንጥረ ነገር መሆኑን ገለጡ። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2007 ለቁስል ማሰሪያ የተዘጋጀ ማር በገበያ እንዲውል ፈቅዷል። እንግዲህ አያቶቻችን በማሰሮ ያስቀመጡት ነገር በዛሬው ጊዜ በታወቁ ሆስፒታሎች ውስጥ ቦታ ያገኘ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እዚያ በሆስፒታል የሚገባው ማርና ከገበያ በጆግ ተሰፍሮ የሚመጣው ማር በስም አንድ ይሁኑ እንጂ በሥራ አንድ አይደሉም። ወደ ነርሷ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚያደርሰንም ይኸው ነው።

ማሩ ከየት መጣ?

ለሕክምና የሚውል ማር ከታወቀ ቦታ፣ ከታወቀ አበባ ይሰበሰባል፤ ኃይሉ በላቦራቶሪ ይለካል። ከዚያም ጋማ በሚባል ጨረር ይጸዳል። ጨረሩ የሚያስፈልገው በተፈጥሮ ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም የተባሉ ባክቴሪያዎች እንደ ዘር ተሸፍነው ሊገኙ ስለሚችሉ ነው። በእሳት እንዳይጸዳ ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ጨረሩ ግን ተሕዋስያኑን ገድሎ የማሩን ኃይል ይተውለታል። በመጨረሻም በንጹሕ ዕቃ ታሽጎ፣ መቼ እንደ ተዘጋጀና እስከ መቼ እንደሚያገለግል ተጽፎበት ይወጣል።

የገበያው ማርስ? ጥሩ ማር የሚያቀርቡ ሐቀኛ ንብ አናቢዎችና ነጋዴዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ማርን በስኳር እያበዙ የሚሸጡ መኖራቸውም ከማንም የተሰወረ አይደለም። የተደባለቀውን ማር በጠጅ ቤት የጠጣ ሰው የሚከስረው ገንዘቡን ነው። ቁስሉ ላይ የቀባው ሰው ግን የሚከስረው ክንዱን ሊሆን ይችላል። ስኳር ውስጥ ንቧ የጨመረችው ኢንዛይም የለም። ውሃ የተጨመረበት ማርም ተሕዋስያንን ማድረቅ ቀርቶ ራሱ ይቦካል።

ብዙ ሰው ማሩን በውሃ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ወይም ክብሪት በማር ነክሮ ለኩሶ ንጽሕናውን የመረመረ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ፈተና ማር ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑን ይናገር እንደ ሆነ እንጂ፣ ስኳር ያለበትንና የሌለበትን፣ ተሕዋስያን የገቡበትንና ያልገቡበትን ለይቶ አያሳይም። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ስለዚህ ምንጩ ያልታወቀ ማር ለእንጀራና ለዳቦ ይሁን፤ ለተከፈተ ቁስል ግን አይሁን።

ለምን ዓይነት ሕመም?

ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ነው። ማር ለሁሉ በሽታ ነው የሚል ሰው ለአንዱም በሽታ አልጠቀመም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ምርምር ማኅበር በ2015 ባወጣው ግምገማ በ3,011 ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ 26 ሙከራዎችን ሰብስቦ መርምሯል። ባገኘው ውጤት መሠረት፣ ቆዳን በከፊል ብቻ የጎዳ ቃጠሎ በማር ሲታሰር በተለመደው ማሰሪያ ከታሰረው አራት ወይም አምስት ቀን ያህል ቀድሞ ይድናል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያመረቀዘ ቁስልም በፀረ ተሕዋስያን ታጥቦ በፋሻ ከታሰረው ይልቅ በማር የታሰረው ፈጥኖ ድኗል። ለሌሎች ለብዙ ዓይነት ቁስሎች ግን ማስረጃው የሚያስተማምን ሆኖ አልተገኘም። ይህ ማርን የሚያዋርድ ፍርድ አይደለም፤ ቦታውን የሚያስይዝ ፍርድ ነው።

ስለ ሳልም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ አገር የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 ለድንገተኛ ሳል ሐኪሞች ከአንቲባዮቲክ በፊት ማርን እንዲመክሩ አስታውቋል። ምክንያቱም አብዛኛው ሳልና ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለ ሆነ፣ አንቲባዮቲክ ቢውጡት አይጠቅምም። ማር ግን ጉሮሮን አለስልሶ ሳሉን ያስታግሣል። እናቶቻችን ሞቅ ያለ ውሃ በማር ማጠጣታቸው ትክክል ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ማር ሳልን ያስታግሣል ማለት የሳንባ ነቀርሳን ያድናል ማለት አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው አክታውን መመርመር አለበት። ከዚህ ጊዜ በኋላ የሚላሰው ማር በሽታውን መሸፈኛ ይሆናል፤ ሕመምተኛው «ዛሬ ቀለል ብሎኛል» እያለ ሲቀመጥ በአንድ ክፍል የሚያድሩትን ልጆቹን ሊያስይዝ ይችላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም በሁለት ወገን መጠንቀቅ ይገባዋል። አንደኛ፣ ማር ተፈጥሮአዊ ነው ተብሎ ቢበላ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ሁለተኛ፣ የእግሩ ቁስል ትንሽ መስሎ ሳለ ውስጥ ውስጡን እስከ አጥንት ሊዘልቅ ስለሚችል፣ በቤት ውስጥ በማር እያሰሩ መሰንበት እግር እስከ መቆረጥ ያደርሳል። በዝገት፣ በእሾህ ወይም በአፈር የተበከለ ጥልቅ ቁስልም የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባት ያስፈልገው እንደ ሆነ ሐኪም ማየት አለበት፤ በዚህ ረገድ ማር ምትክ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ሕፃናት የምንናገረው ቃል በጥሞና እንዲሰማ እንፈልጋለን። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር መቅመስ የለበትም። አዲስ የተወለደ ልጅ አንጀቱ እንዲለሰልስ ተብሎ ቅቤ ወይም ማር ማቅመስ በአንዳንድ ቦታ የቆየ ልማድ መሆኑን እናውቃለን። ቀደም ብለን ያነሣናቸው፣ በማር ውስጥ እንደ ዘር ተሸፍነው የሚገኙት ባክቴሪያዎች በአዋቂ ሰው ሆድ ውስጥ ሳይበቅሉ ያልፋሉ። በጨቅላ ሕፃን አንጀት ግን በቅለው መርዝ ያመነጫሉ። በ1976 በአሜሪካ ታውቆ የተገለጠው የሕፃናት ቦቱሊዝም የሚባለው በሽታ ይህ ነው። ሕፃኑ ሆዱ ይደርቃል፤ ጡት ለመጥባት አቅም ያጣል፤ ለቅሶው ይደክማል፤ አንገቱና ክንዱ ይዝላል፤ በመጨረሻም መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። በቤት ምድጃ ማሩን ማፍላትም እነዚህን ዘሮች አይገድልም። ለጨቅላ ሕፃን የእናቱ ጡት ይበቃዋል።

እስከ መቼ?

ሦስተኛው ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ነው። ያ ልጅ አምስት ቀን በቤት ባይቆይ ኖሮ ጠባሳው ይቀንስ ነበር። ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ የመጀመሪያው መድኃኒት ማርም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም፤ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነው። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ውሃ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። ማር ያስፈልግ እንደ ሆነ፣ የታከመውና የተለካው ማር በባለሙያ እጅ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቁስሉ ዙሪያው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ሕመምተኛውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ ነገሩ ከማሰሮው አልፏል። በዚያን ጊዜ ተሕዋስያኑ ከቁስሉ ወደ ደም እየዘለቁ ሊሆን ይችላል፤ ላይ ላዩን የተቀባ ማርም እዚያ አይደርስባቸውም። አንድ ቀን ማዘግየት እንኳ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም።

አሁን ለምን ይህን ማንሣት አስፈለገ?

አንዳንድ አንባቢ «ፔኒሲሊን እያለ፣ መርፌና ክኒን እያለ፣ ስለ ማር ይህን ያህል ማውጣትና ማውረድ ምንድን ነው?» ይል ይሆናል። መልሱ እነዚያ መድኃኒቶች ራሳቸው እየደከሙብን መምጣታቸው ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መድኃኒቱ ከመጠን በታች ከተወሰደ ተሕዋስያኑ እንደሚለምዱት አስጠንቅቆ ነበር። ያለው አልቀረም። በ2019 ብቻ በመላው ዓለም 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ ተገምቷል። በእኛም ዘንድ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ክኒን መግዛት፣ ሻል ሲል ማቋረጥ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል የተለመደ ነገር ሆኗል። እንግዲህ ላይ ላዩን ላለ ቁስልና ለተራ ሳል ማር ቦታውን ቢይዝ፣ አንቲባዮቲክ ለሚያስፈልገው ከባድ በሽታ ኃይሉን ጠብቆ ይቆይልናል። ማር የአንቲባዮቲክ ጠላት ሳይሆን ረዳቱ ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ አገራችን ባዶ እጇን አይደለችም። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚዋ ናት። የትግራይ ነጭ ማር፣ የከፋና የሸካ ጫካ ማር ከረጃጅም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ የሚቆረጠው፣ እንዲሁም ከአደይ አበባ በኋላ በደጋው የሚገኘው ማር እያንዳንዱ የየራሱ ጠባይ አለው። ከዚህ ሌላ ደግሞ ጣዝማ አለን። ጣዝማ እንደ ሌላው ንብ አትናደፍም፤ ቤቷንም የምትሠራው ከመሬት በታች ነው። ማሯ ከተራው ማር የቀጠነና ኮምጠጥ ያለ፣ መጠኑም ጥቂት ስለ ሆነ ዋጋው ውድ ነው። የአገር ሰውም ከጥንት ጀምሮ ለምግብ ሳይሆን ለመድኃኒት የሚፈልጋት ናት።

ይህ የአገር ሰው ግምት ከንቱ አለመሆኑን በጎንደር የተደረገ አንድ ጥናት አመልክቷል። በ2013 በታተመው በዚህ ጥናት ተመራማሪዎች የተራውን ንብ ማርና የጣዝማን ዓይነት ንቦች ማር በሦስት ዓይነት ባክቴሪያዎች ላይ ሞከሩ። ከእነዚህም መካከል የተለመዱትን መድኃኒቶች የተቋቋሙ ይገኙባቸው ነበር። ማሮቹ ሁሉ ባክቴሪያውን አግደዋል፤ ከሁሉ ይልቅ በርትቶ የታየው ግን የማይናደፉት ንቦች ማር ነው። ይሁን እንጂ ሙከራው የተደረገው በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ እንጂ በሰው ቁስል ላይ አለመሆኑን መርሳት አይገባም። ከሳሕኑ እስከ ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ገና ረጅም መንገድ አለ። ያን መንገድ ሌላ ሰው እንዲጨርስልን ተቀምጠን የምንጠብቅ ከሆነ፣ የማኑካን ማር በውጭ ምንዛሪ ገዝተን የራሳችንን ማር በጠጅ ስንጨርስ መኖራችን ነው።

ምን ይደረግ?

እኛ እንደሚመስለን ሥራው በአራት ወገን የሚከፈል ነው።

አንደኛ፣ የምርምር ተቋሞቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን የየአውራጃውን ማር በየአበባው ለይተው ኃይሉን ይለኩ፤ ደኅንነቱ የተረጋገጠውን ደግሞ በሐኪሞች ቁጥጥር በሕመምተኞች ላይ ይፈትኑ። የኢትዮጵያ ማር በ2008 ወደ አውሮፓ ገበያ እንዲገባ ፈቃድ ያገኘው ተመርምሮ ነው። ለውጭ አገር ሰው ቁርስ ማርን መመርመር ከቻልን፣ ለገዛ ልጃችን ቁስል መመርመር የሚያቅተን አይመስለንም።

ሁለተኛ፣ የመድኃኒትና የምግብ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ለሕክምና የሚውል ማር ምን ማሟላት እንዳለበት በግልጽ ደንብ ይወስን። ስኳር ቀላቅሎ «የመድኃኒት ማር» ብሎ የሚሸጥ ሰው እንደ ተራ አጭበርባሪ ሳይሆን የሰው ሕይወት እንዳጎደለ ሰው ሊታይ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ንብ አናቢው የድካሙን ዋጋ ያግኝ። ንጹሕ ማር ያቀረበ ከቀላቀለው እኩል የሚከፈለው ከሆነ፣ ንጹሕ ማር ለማቅረብ የሚደክምበት ምክንያት የለም። ጣዝማም በየዓመቱ ጎጆዋ እየተቆፈረ የምትገኝ ስለ ሆነ ዘሯ እንዳይጠፋ ያሠጋል። ተመራማሪዎች ከጉድጓድ አውጥተው በሳጥን ለማኖር የጀመሩት ሙከራ ተስፋፍቶ ለገበሬው ሊዳረስ ይገባል።

አራተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ሲዘዋወሩ ስለ ማር ዝም ብለው እንዳያልፉ። ሕዝቡ ማርን በመድኃኒትነት መጠቀሙን እንደማይተው የታወቀ ነው። የሚያስፈልገው መከልከል ሳይሆን ማስተማር ነው፤ ይኸውም ለሕፃን አይሰጥም፣ ለጥልቅ ቁስል አይበቃም፣ ሁለት ሳምንት ለቆየ ሳል አይሆንም፣ ቃጠሎ በመጀመሪያ በውሃ ይቀዘቅዛል የሚሉትን አራት ቃላት ብቻ ነው። አራቱን ቃላት ማንኛዋም እናት በአንድ ስኒ ቡና ጊዜ ልትይዛቸው ትችላለች።

ማር ሲበዛ ይመራል ይባላል። የማር ምስጋናም ሲበዛ እንዲሁ ነው። በልክ ከሆነ ግን ማር እግዚአብሔር የሰጠው፣ ንብ የደከመችበት፣ አያቶቻችን ያወቁት፣ የዛሬው ዕውቀትም የመሰከረለት መድኃኒት ነው። ያች ነርስ አሮጊቷን ባለመቆጣቷ ትልቅ ሥራ ሠርታለች። አሮጌውን ዕውቀት ሳትንቅ፣ አዲሱን ጥያቄ አስተምራቸዋለች። አያቲቱም ዛሬ ጎረቤት ማር ሊበደር ሲመጣ ማሰሮውን ከማንሣታቸው በፊት «ለምን ሕመም ነው? ልጁ ዓመት ሞልቶታል? ሐኪም አይቶታል?» ብለው መጠየቅ ጀምረዋል። እኛም ከእርሳቸው ጋር መጠየቅ የጀመርን ቀን፣ ማሩ በእውነት መድኃኒት ይሆናል።